ቀይ አፍንጫ በቀይ ኮረብታ

(ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በአንድ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ንፋስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው እየተቆላ ነው። ጭሱ ካስቸገራችሁ በሩን ገርበብ አድርጉት።

ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ። ወንበር አለ። ኑ እንጂ! አትመጡም አይደል? እኔም እዚያ ብሆን አልመጣም ነበር። ፊት መቀመጥ ይከብዳል። ለምን እንደሚከብድ ነው ዛሬ የምናወራው።

ይሉኝታ የሚለውን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት። «ይሉኛል» አለበት ውስጡ። ማን ነው የሚለኝ? ምን ብሎ ነው የሚለኝ? ቃሉ አይነግረንም። ተናጋሪው ስም የለውም። ሰፈሩ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ከነጭራሹ የማናውቀው መንገደኛም ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ስለማናገኘው ተከራክረን አንረታውም።

ይሉኝታን ለመስደብ አልመጣሁም። «ይሉኝታ ቢስ» ስንል ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የተበደረውን የማይመልስ ነው። ልቅሶ የማይደርስ ነው። ታክሲ ውስጥ ለእርጉዝ የማይነሳ ነው። ይሉኝታ እንድንተሳሰብ አድርጎናል፤ ይኑርልን። ግን ስንት ነገርስ አስቀርቶብናል? ጥያቄ በልባችን ይዘን ዝም ብለን የወጣንበት ስብሰባ አለ። እግራችን እየከጀለ የተቀመጥንበት ሠርግ አለ። አሞን «ደህና ነኝ» ያልንበት ቀን አለ። እኔ ይህን ስቆጥር ያመኛል። ለዚህ ነው በየቅዳሜው እዚህ ቤት ሰዎችን ሰብስቤ ቀይ አፍንጫ የማድላቸው።

«ክላውን» ስል ምን እንደታያችሁ እገምታለሁ። ልደት ላይ ፊኛ ይዞ የሚመጣው ሰው። አዲስ ሱቅ ሲከፈት በር ላይ ሙዚቃ ተለቆለት የሚጨፍረው ሰው። ያ ሰው በላቡ እንጀራውን ይበላል፤ አከብረዋለሁ። እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ማንንም ለማዝናናት ሳይሆን ራስን ለማየት ስለሚደረግ ጨዋታ ነው።

መነሻውን ልንገራችሁ። ዣክ ለኮክ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። የስፖርት ሰው ነው፤ ወደ ቲያትር የመጣው በአካል እንቅስቃሴ በኩል ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የቲያትር ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1960ዎቹ አንድ ቀን ተማሪዎቹን እንደ ሰርከስ መድረክ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገና፣ ተራ በተራ መሐል ገብታችሁ አስቁን አላቸው። ተማሪዎቹ ተገለባበጡ። ቀልድ አወሩ። የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ አሁንም ዝም። በመጨረሻ አፍረው፣ ተናደው፣ ግራ ገብቷቸው ሊቀመጡ ሲሄዱ ግን ሁሉም በሳቅ ፍርስ አለ።

ያልሳቀ ሰው ምን አየና ሳቀ? ማስመሰሉን የተወ ሰው አየ። ላስቅ ብሎ ሲታገል የነበረው ሰው ትግሉ ሲያልቅበት ራሱ ብቻ ቀረ። ለኮክ ከዚያ በኋላ ይህን ነገር በትምህርቱ ውስጥ አስገባው። ይቺን ቀይ አፍንጫም «የዓለም ትንሿ ጭምብል» ይላት ነበር። ሌላው ጭምብል ፊትን ይሸፍናል። ይቺ ግን ዓይንን ገልጣ ታሳያለች።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቆሜ እንዳነብ ታዘዝኩ። አንድ ቃል ተሳሳትኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ አልተቆጣኝም፤ ግን እስኪደወል ድረስ ጥቁር ሰሌዳው ጋ አቆመኝ። ምናልባት ሃያ ደቂቃ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቴን እስክጨርስ በራሴ ፈቃድ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መልሱን እያወቅሁ ዝም እል ነበር። ሰው «ጭምት ልጅ ነው» ይለኝ ነበር። ጭምት አልነበርኩም። ፈርቼ ነው።

በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ጓደኛዬ የሦስት ቀን የክላውን ሥልጠና አለ ብሎ ወሰደኝ። የመጀመሪያው ልምምድ ሰዎች ፊት መቆም ነው። በቃ። ምንም ሳይሠሩ፣ ምንም ሳይናገሩ መቆም። ወጣሁና ቆምኩ። ወዲያው ያ ጥቁር ሰሌዳ መጣብኝ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ ደግሜ ከተትኩት። ያን ጊዜ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። «ይኸው መጣ» አልኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን የአራተኛ ክፍሉ ሳቅ አልነበረም። ዓይናቸው ለስላሳ ነበር። እጃቸውን የሚያደርጉበት የጠፋቸው ቀን ትዝ ብሏቸው ነበር።

አማርኛችን ይህን በአንድ ፊደል ይለየዋል። «ሳቁብኝ» እና «ሳቁልኝ»። አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ቅመሷቸው። አንደኛው ላይህ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው እንደ ስጦታ ይመጣል። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳቅ ሁሉ «ብኝ» ይመስለኝ ነበር። «ልኝ» እንዳለ ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። የክላውን ወርክሾፕ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው፣ ከ«ብኝ» ወደ «ልኝ» የሚኬድበት መንገድ ነው እለዋለሁ።

እዚህ ቤት ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በመስኮት ያየናልና።

አሥራ ሁለት ሰው ነን፣ ከዚያ አንበልጥም። ጫማ እናወልቃለን። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ እንጫወታለን፤ ሌባና ፖሊስ፣ ፔፕሲ፣ የመሳሰሉትን። አካል ሲሞቅ ሐሳብ ይላላል። ከዚያ እንራመዳለን። እያንዳንዱ ሰው አረማመድ አለው። አንዱ በደረቱ ይሄዳል። አንዷ ጭንቅላቷን አስቀድማ፣ እግሯ ከኋላ የሚደርስባት ይመስላል። አንዱ ሁልጊዜ እንደዘገየ ሰው ነው። ያንን የራሳችንን አረማመድ ጥቂት እናጎላዋለን፣ ከዚያም ጥቂት እንጨምርበታለን። ከሌላ ሰው አንዋስም። የሰውየው ክላውን ያለው እዚያው አረማመዱ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲደብቀው የኖረው ነገር ነው ብዙ ጊዜ።

አፍንጫው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከስፖንጅ ቆርጠን ቀይ ቀለም የምንቀባው ነው፤ በቀጭን ላስቲክ ይታሰራል። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል። ሁሉም የራሱ አለው፤ መዋዋስ የለም። የሚደረገው ጀርባ ተሰጥቶ ነው። አድርገህ ስትዞር ክላውኑ ነህ። ከዚያ በኋላ አፍንጫህን አትነካካም፣ ስለ አፍንጫህም አታወራም።

አንድ ትልቅ ሕግ አለን። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ወደ ሰዎቹ ተመልከት። ኩባያ ወደቀብህ? ሳታነሳው ቀና በልና እየን። ቀላል ይመስላል። በጣም ከባድ ነው። ስንሳሳት እኮ አንገታችንን ነው የምንደፋው። ቶሎ እናነሳዋለን፣ እንጠርገዋለን፣ «ምንም አይደል» እንላለን። ፊታችንን ማንም ሳያየው ለማለፍ ነው ጥድፊያው። ክላውን ግን ልክ በዚያች ቅጽበት ፊቱን ይሰጣል። ወደቀብኝ፤ አያችሁ? እኛም ለራሳችን የወደቀብንን ሁሉ እናስታውሳለን።

አንድ የሚኒባስ ረዳት መጥቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ቃሊቲ! ቃሊቲ! ሳሪስ!» ሲል የሚውል ልጅ። ድምፁ ከዚህ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እርሱን ምንም አይፈራም ብዬ አስቤ ነበር። ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለህ ቁም አልኩት። አሥር ሰከንድ አልሞላም፣ ላቡ መጣ። ድምፁ ከሌለ ራቁቱን የቀረ ያህል ሆነ። ከዚያ እጁ ሳያውቀው ተነሳና የሌለ የመኪና ጣሪያ መታ ማድረግ ጀመረ። ሲሰማው ደንገጥ ብሎ ወደ እኛ አየ። ሳቅንለት። እርሱም ፈገግ አለ። ቀጥልበት አልኩት። ያለ ድምፅ ጣቱን ቀስሮ «አንድ ሰው ቀረ» አለን። ማንም አልመጣም። ጠበቀ። የማይሞላ ታክሲ በር ላይ ቆሞ መጠበቁን እስኪያልፍለት ድረስ አሳየን። አንዳንዶቻችን እንባ መጣን። በየቀኑ የምንሳፈርበት ልጅ ነው፤ ፊቱን ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

ሌላዋ አንዲት እናታችን ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። የመጡት የልጅ ልጃቸውን አድርሰው ሊመለሱ ነበር፤ ቁጭ ብለው ሁለት ቅዳሜ አዩንና በሦስተኛው «እኔም ልሞክራት» አሉ። የዚያን ቀን ልምምዱ ከወንበር ጋር መገናኘት ነበር። ወንበርን በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየኸው ሆነህ ተገናኘው ነው ሥራው። ወጣቶቹ ተቀመጡበት፣ ተሸከሙት፣ ከሥሩ ገቡ።

እርሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ወንበሩን ይዤ በበሩ ገባሁና ፊታቸው አስቀመጥኩት። ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ወንበሩን እያዩ «ኖር!» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። «በእግዜር» የሚል መልስ ይጠብቃሉ። ወንበሩ ዝም። ወደ እኛ አዩ። እንደገና፣ አሁን ትንሽ ጎንበስ ብለው «ኖር!» አሉ። ወንበሩ አሁንም ዝም። ያን ጊዜ በርጩማውን በእጃቸው ገፋ አደረጉና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እንግዳ ሳይቀመጥማ እርሳቸው በርጩማ ላይ እንዴት ሆኖ? እኔ በዚህ ሥራ ስቆይ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ማንም ያላስተማራቸው ነገር ነው። አፍንጫዋን ሳያወልቁ እርሳቸውም እስኪደክማቸው ሳቁ።

በኋላ ክብ ሠርተን ስናወራ ተራቸው ደረሰ። «ኖር ካልኩ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤታቸው የሚገባ እንግዳ የለም። ከድሮው ሰፈር በ20/80 ዕጣ ነው እዚህ የመጡት። እዚያ በር አይዘጋም ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃውን የሚወጣላቸው ሰው አላገኙም። ከቡድናችን ሁለቱ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እሑድ እሑድ ቡና ይጠጣሉ እርሳቸው ቤት። ሲገቡም «ኖር!» ይባላሉ። «በእግዜር» ይላሉ።

ይህን የማወራው ሁሉም ነገር ያምራል ለማለት አይደለም። አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። በጀመርኩ ዓመት አንድ ወጣት ነበር፤ ቁጡ ሰው መጫወት አልሆንለት አለ። እኔ ገፋሁት። «አባትህ ሲቆጡ እንዴት ነው? አሳየን» አልኩት። ቀለል ያለ ነገር መስሎኝ ነበር። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። አፍንጫውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና ወጣ። ተከትዬው ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ብሎኛል፤ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የሰው ልብ በር እንዳለው፣ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ እንደሆነ ያስተማረኝ እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን። ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የሌላ ሰው ጉድለት፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የአካል ጉዳት መጫወቻ አይሆንም። እዚህ የታየ ነገር በስልክ አይቀረጽም፣ ደረጃ ላይም አይወራም። ደግሞም ይህ ሕክምና አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ሐኪም ዘንድ አብሬው እሄዳለሁ እንጂ አፍንጫ አልሰጠውም።

«ፈቃድ» የሚለውን ነገር በደንብ የሚያውቁት ሆስፒታል የሚሠሩ ክላውኖች ናቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. ማይክል ክሪስተንሰን የሚባል የሰርከስ ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ ክላውኖችን ወደ ሕፃናት ሆስፒታል የሚያስገባ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በብዙ አገር ተስፋፋ። እኛም አገር በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ፍካት ሰርከስ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገብቶ ከታመሙ ልጆች ጋር በክላውን ተጫውቷል። ጥሩ የሆስፒታል ክላውን በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» ይላል። ልጁ «አትግባ» ካለ አይገባም። አስቡት። መርፌውን እምቢ ማለት አይችልም። መድኃኒቱን እምቢ ማለት አይችልም። ክላውኑን ግን እምቢ ማለት ይችላል። አንዳንዱ ልጅ እምቢ ሲልና ሲታዘዝለት ነው መጀመሪያ ፈገግ የሚለው።

ባለፈው አንድ አባት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ጨዋ ሰው እንዲህ ይሆናል?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም፤ ተጨንቀው ነው። ዛሬ እዚህ ስላሉ ደስ ብሎኛል። ጋሼ፣ ያን ቀን ታክሲ ጠርቶኝ በደንብ አልመለስኩልዎትም።

ቤትዎ እንግዳ ሲመጣና ወሬው ሲቀዘቅዝ ምን ይላሉ? «ተጫወቱ እንጂ!» ይላሉ። ዝም ማለት ነው ነውሩ። እኛ ወግን ራሱን «ጨዋታ» ብለን ነው የምንጠራው። ልጅ ሲሮጥም ጨዋታ ነው፣ ሽማግሌ ሲያወጋም ጨዋታ ነው። አለቃ ገብረ ሀናን ያስቧቸው። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። እርሳቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የሚባለው የዝማሬ ስልት የእርሳቸው ነው ይባላል። ዝማሬና ጨዋታ አንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው ኖረዋል። እርግጥ የአለቃ ቀልድ የብልህ ቀልድ ነው፤ ሌላውን ይወጋል። ክላውን አይወጋም፤ የራሱን ጀርባ ነው የሚያሳየው። ሁለቱም ግን ከጨዋነት አያወጡም።

እዚህ ሰፈር የመጣን ሰዎች ከአራቱም ማዕዘን ነው የመጣነው። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከመርካቶ ጓሮ። ዕጣ ነው ጎረቤት ያደረገን። አብሮ ያደገ ሰው ሞኝነቱን ተያይቷል፤ ጭቃ ላይ ሲወድቅ ተያይቷል። እኛ ግን የተዋወቅነው ትልቅ ሆነን፣ ቁልፍ ይዘን፣ ፀጉራችንን ተሠርተን ነው። አንዳችን የሌላችንን አወዳደቅ አላየንም። ስለዚህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው» ብለን እንተላለፋለን። እኔ በዚህ ቤት የምፈልገው ያመለጠንን ልጅነት አብረን እንድናልፍበት ነው። ዘግይቷል፣ ግን ይቻላል። አይቻለሁ።

የሰፈራችንን ስም ትርጉም ኦሮምኛ የምትችሉ ታውቁታላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ነው። አንዷ ተሳታፊያችን ይህን ስትሰማ አፍንጫዋን ነካ አድርጋ «እኔም ላይ አንዲት ትንሽ ቱሉ ዲምቱ አለች» አለች። አፍንጫ አይነካም የሚለውን ሕግ ጥሳለች፤ ግን ያን ቀን አለፍኳት።

ቡናው የደረሰ ይመስለኛል፤ ሽታው መጥቷል። እስኪቀዳ ድረስ አንድ ነገር እንሞክር። አፍንጫ የለም፣ መድረክ የለም፣ ማንም ብቻውን አይቆምም። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ እናስጠጋ። እንደሱ። እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ካሻዎት ደግሞ ይነሱ። መሐሉን ባዶ አድርጉት። ልጆቹንም ከውጭ ጥሯቸው፣ እነርሱ ያስታውሱናል።

ድብብቆሽ ነው። መደበቂያው መጋረጃው፣ የድንኳን ዕቃ የተከመረበት ጥግና እርስ በርሳችን ጀርባ ነው። የረሳ ሰው ካለ፣ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራል፤ ያልተደበቀ ሰው «አልነጋም» ይላል። ሁሉም ሲደበቅ «ነጋ» ይባላል።

ፈላጊ እኔ ልሁን። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬያለሁ።

ኩኩሉ!